የድሮን ፊልተር ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ቀን ያለ ፊልተር አብርሩ

ድሮን የገዛ ሰው ሁሉ ትንሽ ቆይቶ አንድ ጥያቄ ይዞ ይመጣል። «ዱባይ የሚሄድ ሰው አግኝቻለሁ፤ የትኛውን ፊልተር ላስመጣ?» ጥሩ ጥያቄ ነው። ችግሩ መልሱን ብዙ ጊዜ የምንወስደው ሌላ አገር ከተሠራ ሰንጠረዥ መሆኑ ነው። «ደመና ከሆነ ኤንዲ 8፣ ፀሐይ ከሆነ ኤንዲ 16» ይላል ሰንጠረዡ፤ ኤንዲ ሌንስ ላይ የሚገጠም፣ ብርሃን የሚቀንስ መስታወት ነው። ዕቃው ይመጣል። ቢሾፍቱ ላይ በቀትር ይሞከራል። ቪዲዮው ግን ያው እንደ በፊቱ ይቆራረጣል።

እኔ የምተዳደረው በዚህ ሥራ ነው። አብዛኛው ሰርግ ነው፤ በመሀል የሎጅና የእርሻ ሥራ ይመጣል። ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምሰጠው ምክር አንድ ነው። ፊልተር ከመግዛታችሁ በፊት ድሮኑን ያለ ፊልተር አብርሩና ካሜራው የሚያሳያችሁን ቁጥር ጻፉ። የሚያስፈልጋችሁ ፊልተር የሚታወቀው ከዚያ ቁጥር ነው።

ፊልተሩ ለምን ያስፈልጋል?

ኤንዲ ፊልተር ለካሜራው የፀሐይ መነጽር ነው። ብርሃን ይቀንሳል፤ ሌላ ሥራ የለውም። ቀለም መቀየር የለበትም፤ ምስሉን ማደብዘዝም የለበትም። ብርሃን መቀነስ ያስፈለገው ደግሞ ለእንቅስቃሴ ሲባል ነው።

ቪዲዮ ተከታታይ ፎቶ ነው። በሰከንድ 25 ፍሬም ስትቀርጹ እያንዳንዱ ፍሬም ለ1/50 ሰከንድ ያህል ብርሃን ቢቀበል እንቅስቃሴው ለዓይን ለስላሳ ይሆናል። የፍሬሙን ቁጥር በሁለት ማባዛት ነው። 25 ከሆነ 1/50፣ 30 ከሆነ 1/60፣ 60 ከሆነ 1/120። በጠራ ፀሐይ ግን ካሜራው ምስሉ ነጭ ሆኖ እንዳይቃጠልበት ሸተሩን (ብርሃን የሚያስገባውን መዝጊያ) እስከ 1/3200 ሰከንድ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያፈጥነዋል። ያኔ እያንዳንዱ ፍሬም ድርቅ ብሎ ይቆማል። የአጃቢው መኪና ጎማ፣ የሙሽራዋ ቬሎ፣ ከሥር የሚያልፈው ሣር ሁሉ እየተቆረጠ የሚዘል ይመስላል።

እዚህ አገር 25 ፍሬምና 1/50 የምመርጥበት ሌላም ምክንያት አለኝ። መብራታችን 50 ኸርዝ ነው። አመሻሽ ላይ አምፖል በበራበት ቦታ ስትቀርጹ በ1/50 የመብራቱ መርገብገብ ምስሉ ላይ አይታይም። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ መብራታችሁ 60 ኸርዝ ስለሆነ 30 ፍሬምና 1/60 ይሻላችኋል።

ይህን ስል ግን ሁሉም ቪዲዮ ፊልተር ይፈልጋል ማለቴ አይደለም። እስቲ እናስላው። ድሮኑ በሰከንድ 10 ሜትር ይበራል እንበል። በ1/50 ሰከንድ ውስጥ 20 ሳንቲሜትር ይሄዳል። ከመሬት 5 ሜትር ላይ ሆናችሁ፣ በተለመደው የ24 ሚሊሜትር እይታና በ4ኬ ቁልቁል ብትቀርጹ ያ 20 ሳንቲሜትር ምስሉ ላይ 100 ፒክሰል ያህል ይሆናል። በደንብ ይታያል። 100 ሜትር ከፍታ ላይ ግን ያው 20 ሳንቲሜትር 5 ፒክሰል ብቻ ነው። የወንጪን ሐይቅ ከላይ ሆናችሁ ቀስ ብላችሁ ስትዞሩት ፊልተር ኖረም አልኖረም ተመልካች ልዩነቱን አያየውም። ዝቅ ብላችሁ ከፈረስ ወይም ከመኪና ጎን ስትበሩ ግን ሥራውን የሚያድነው ፊልተሩ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ራሳችሁን ጠይቁ፤ የምትበሩት ዝቅ ብላችሁ ነው ወይስ ከፍ ብላችሁ?

ከፍ ብሎ ለሚበርም ቢሆን አንድ ጥቅም ይቀረዋል። ፀሐይዋ ከፊታችሁ ወይም ከጎን ስትሆን የፕሮፔለሩ ጥላ ሌንሱ ላይ ያርፋል። ሸተሩ ፈጣን ከሆነ ጥላው ጥቁር መስመር ሆኖ ምስሉ ላይ ይርገበገባል፤ በኤዲቲንግ ማጥፋት ደግሞ አሳር ነው። ሸተሩ 1/50 ላይ ሲሆን ግን መስመሩ ይሳሳል፤ ብዙ ጊዜ ጨርሶ አይታይም።

ፎቶ ብቻ የምታነሱ ከሆነ ገንዘባችሁን ያዙ። ለፎቶ ፈጣን ሸተር ጥሩ ነው። ካርታ ለመሥራት ወይም የእርሻ መሬት ለመለካት የምታበርሩም ኤንዲ አትጠቀሙ፤ ሶፍትዌሩ የሚፈልገው ጥርት ያለ ፎቶ ነው። ልዩ የሚሆነው ፏፏቴ ነው። ነፋስ በሌለበት ጠዋት ድሮኑን በአየር ላይ አቁማችሁ ግማሽ ሰከንድ የፈጀ ፎቶ ብታነሱ ውሃው እንደ ሐር ይለሰልሳል፤ ለዚያ ጠንካራ ኤንዲ ያስፈልጋል።

ቁጥሩን ከካሜራው ማግኘት

ኤንዲ ላይ የተጻፈው ቁጥር አካፋይ ነው። ኤንዲ 16 ብርሃኑን ለ16 ያካፍለዋል። ይህን ካወቃችሁ ሰንጠረዥ አያስፈልጋችሁም።

ድሮኑን አንሱ። ሰዓቱ በእርግጥ ሥራ የምትሠሩበት ሰዓት ይሁን። ሰርግ የምትቀርጹ ከሆነ ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት መሀል ሞክሩ። ፕሮ ሞድ (ሁሉንም በእጅ የምታስተካክሉበት) ውስጥ ግቡና አይኤስኦን፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት፣ 100 ላይ አድርጉ። አፐርቸሩ (ሌንሱ ብርሃን የሚያስገባበት ቀዳዳ) የሚቀየር ከሆነ ኤፍ 2.8 ወይም ኤፍ 4 ላይ ተዉት። ካሜራውን ወደምትቀርጹት ነገር አዙሩ፤ ሰማዩ ፍሬሙን እንዳይሞላው። ከዚያ የምስሉን ብርሃን የሚለካው የኤክስፖዠር መለኪያ 0 እስኪል ድረስ ሸተሩን ቀይሩ። ያገኛችሁትን ጻፉ። 1/3200 ነው እንበል። 3200 ለ50 ሲካፈል 64 ነው። የሚያስፈልጋችሁ ኤንዲ 64 ነው። 1/1600 ካገኛችሁ ኤንዲ 32፣ 1/800 ካገኛችሁ ኤንዲ 16። በ60 ፍሬም የምትቀርጹ ከሆነ ለ50 በማካፈል ፋንታ ለ120 አካፍሉ።

መልሱ መሀል ላይ ቢወድቅስ? 1/5000 ብታገኙ 100 ይመጣል፤ ኤንዲ 100 ደግሞ ስብስቦቹ ውስጥ አይገኝም። ዝቅ ያለውን፣ 64ን፣ ያዙ። ደካማው ፊልተር ሸተሩን ወደ 1/80 ያፈጥነዋል፤ ያንን ማንም አይለየውም። ጠንካራው ግን ወይ ምስሉን ያጨልማል ወይ አይኤስኦ እንድትጨምሩ ያስገድዳችኋል። ትንሽ ሴንሰር ላይ አይኤስኦ ሲጨምር ጥላው ውስጥ ነጠብጣብ ይበዛል። 1/50ን እንደ ሕግ ይዘው በየደቂቃው ድሮን የሚያወርዱ ልጆች አያለሁ። ከ1/40 እስከ 1/100 ያለው ሁሉ ያምራል፤ ተረጋጉ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ነጭ ነገር መለኪያውን ያሳስተዋል። ነጠላ የለበሰ ሕዝብ፣ ቬሎ፣ የዳሎል አካባቢ የጨው ሜዳ ፍሬሙን ሲሞላው ካሜራው ነጩን ግራጫ ሊያደርገው ይሞክራል፤ ሸተሩንም ከሚገባው በላይ እንድታፈጥኑ ይነግራችኋል። እንዲህ ሲሆን ከነጩ ጎን ያለውን ሣር ወይም አፈር ለኩ። ከዚያ ወደ ነጩ ተመለሱና ሂስቶግራሙ (የምስሉን ብርሃን ስርጭት የሚያሳየው ግራፍ) ቀኝ ጠርዝ ላይ አለመከመሩን አረጋግጡ።

ፊልተሩን ገጥማችሁ ካሜራውን አውቶ ላይ መተው ደግሞ ትርጉም የለውም። ካሜራው ብርሃን ሲያንሰው አይኤስኦውን ከፍ አድርጎ ሸተሩን እንደገና ሊያፈጥነው ይችላል። ሸተሩን 1/50 ላይ፣ አይኤስኦውን 100 ላይ በእጃችሁ ቆልፉ።

ሌንሱ ይለያያል፣ ፀሐዩም ይለያያል

ሁለት ድሮኖች በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ሜዳ ላይ የተለያየ ፊልተር ሊፈልጉ ይችላሉ። ዲጄአይ ከሚባለው ኩባንያ ድሮኖች መሀል ሚኒ 2 እና ኤር 2ኤስ አፐርቸራቸው ኤፍ 2.8 ነው። ሚኒ 3 ፕሮ እና ሚኒ 4 ፕሮ ኤፍ 1.7 ናቸው። ኤፍ 1.7 ከኤፍ 2.8 ጋር ሲነጻጸር ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ብርሃን ያስገባል። በአራቱም ላይ አፐርቸሩ አይቀየርም። በጠራ ፀሐይ ኤፍ 2.8 ላይ 1/3200 አካባቢ ታገኛላችሁ፤ ኤፍ 1.7 ላይ ወደ 1/8000 ይጠጋል። 8000 ለ50 ሲካፈል 160 ነው። ስለዚህ የሚያስፈልጋችሁ ኤንዲ 128 ነው። ሰንጠረዡ ያዘዘውን ኤንዲ 16 ብትገጥሙበት ሸተሩ 1/500 ላይ ይቆማል፤ ቪዲዮው መቆራረጡን አይተውም። ዲጄአይ ራሱ ለሚኒ 3 ፕሮ ያወጣው ስብስብም 16፣ 64 እና 256 ነው።

ማቪክ 2 ፕሮ ወይም ማቪክ 3 ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ። የዋናው ካሜራ አፐርቸር ከኤፍ 2.8 እስከ ኤፍ 11 ይቀየራል። ኤንዲ 16 ገጥማችሁ አፐርቸሩን ኤፍ 5.6 ብታደርጉት ውጤቱ ኤንዲ 64 በኤፍ 2.8 እንደ መግጠም ነው። አየር ላይ ሆናችሁም ታስተካክላላችሁ። ኤፍ 11 ድረስ ግን አትሂዱ፤ ምስሉ ጥርት ማለቱን ያጣል። ለእነዚህ ድሮኖች ሁለት ፊልተር ይበቃል፤ 16 እና 64።

በሎግ (ቀለሙ በኋላ በኤዲቲንግ በሚስተካከል ገርጣ ያለ ቀረጻ) የምትቀርጹም መጀመሪያ የአይኤስኦውን መነሻ እዩ። አንዳንድ ድሮኖች ሎግ ላይ ከ400 በታች አይወርዱም። 400 ማለት ከ100 አራት እጥፍ ነው፤ ኤንዲ 64 የበቃው ቦታ ኤንዲ 256 ይጠይቃል።

አሁን ወደ ፀሐዩ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ፀሐይዋ በዓመት ሁለቴ በቀትር አናታችን ላይ ቀጥ ትላለች። ስቶክሆልም ያለ ዘመዳችሁ ታኅሣሥ ላይ፣ በብርዱ እምብርት፣ በቀትር የሚያያት ፀሐይ ከአድማስ 7 ዲግሪ ብቻ ከፍ ያለች ናት። ለሱ ኤንዲ 16 ይበዛበት ይሆናል። ለእኛ የጠዋት ቁርስ ሰዓት ፊልተር ነው።

ፀሐይዋ እኛ ጋ ቀጥ ብላ ስለምትወጣም ብርሃኑ ቶሎ ይቀየራል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ በኤፍ 2.8 ኤንዲ 8 የበቃው ቦታ 3 ሰዓት ላይ ኤንዲ 32 ወይም 64 ይፈልጋል። የሰርግ ወራችን ደግሞ ጥርና ከፋሲካ በኋላ ነው። ጥር ላይ ሰማዩ ብዙውን ጊዜ ጥርት ያለ ነው። ደመና ሸፍኖልን የምንቀርጸው ክረምት ላይ ሲሆን ያኔ ሥራው ጥቂት ነው። ስለዚህ ኤንዲ 4 የያዘ ባለ ስድስት ስብስብ በርካሽ ቢሰጧችሁም አትጓጉ። ኤንዲ 4 ቦርሳ ውስጥ ተኝቶ ይከርማል።

የእኔ ምርጫ ይህ ነው። ለኤፍ 2.8 ድሮን 8፣ 32 እና 64። ለኤፍ 1.7 ድሮን 16፣ 64 እና 128፤ ሎግ የሚያበዛ 256 ይጨምርበት። ለአንድ ፊልተር ብቻ የሚበቃ ገንዘብ ካላችሁ ለኤፍ 2.8 ኤንዲ 32፣ ለኤፍ 1.7 ኤንዲ 64 ግዙ። በቀትር ሸተሩ ወደ 1/100 ወይም 1/125 አካባቢ ይሆናል፤ ያ ለብዙ ሥራ ያምራል። በ60 ፍሬም ስትቀርጹ ደግሞ ልክ ይሆናል።

አንዳንድ ሣጥን ላይ ኤንዲ 0.9 ወይም ኤንዲ 1.8 የሚል ታገኛላችሁ። ሌላ ዓይነት ፊልተር አይደለም፤ የአጻጻፍ ልዩነት ነው። 0.9 ማለት 8፣ 1.2 ማለት 16፣ 1.5 ማለት 32፣ 1.8 ማለት 64 ነው።

ፖላራይዘር

ፖላራይዘር ወይም ሲፒኤል የሚባለው ፊልተር የተለየ ሥራ አለው። ከውሃ፣ ከእርጥብ ቅጠልና ከመኪና መስታወት ላይ የሚመለሰውን ነጸብራቅ ይቆርጣል፤ ሰማዩንም ያጠቁረዋል። መስከረም ላይ፣ አገሩ አረንጓዴ ሆኖ አደይ ሲያብብ፣ ከሲፒኤል ጋር የተቀረጸ ኮረብታ ማየት ደስ ይላል። ቅጠሉ ላይ የነበረው ነጭ ብልጭታ ሲሄድ እውነተኛው አረንጓዴ ይወጣል። በኤዲቲንግ ይህን ማምጣት አይቻልም። ስለዚህ በገንዘብ ከማይቆጨኝ ዕቃ አንዱ ነው።

ግን አየር ላይ እያለ ልታዞሩት አትችሉም፤ መሬት ላይ አስተካክላችሁ ነው የምትልኩት። ስለዚህ አሠራሩን ማወቅ ግድ ነው።

ከውሃ የሚመለስ ነጸብራቅ በብዛት አግድም የሚርገበገብ ብርሃን ነው። ፖላራይዘሩን አግድሙን እንዲቆርጥ አድርጋችሁ ግጠሙት። ይህን ለማግኘት ድሮኑን በእጃችሁ ይዛችሁ፣ ካሜራው በርቶ፣ አንድ የውሃ ኩሬ ወይም የመኪና ቦኔት ፊት ለፊት እያያችሁ ቀለበቱን አዙሩ። ነጸብራቁ ከሁሉ በላይ የጠፋበት ቦታ ላይ ተዉት።

ቀጥሎ የካሜራው ዝቅታ አለ። ፖላራይዘር ውሃ ላይ ከሁሉ በላይ የሚሠራው ካሜራው ከአድማስ ወደ 37 ዲግሪ ዝቅ ሲል ነው። ከ30 እስከ 45 ባለው ውስጥ ከሆናችሁ ጥሩ ውጤት ታያላችሁ። ቀጥ ብላችሁ ቁልቁል፣ 90 ዲግሪ ላይ ስትቀርጹ ግን ነጸብራቁን አይቆርጥም፤ ብርሃን ብቻ ይበላባችኋል። ሐይቅ ላይ ያለ ጀልባ ከአናቱ ለመቅረጽ ብላችሁ ሲፒኤል አትግጠሙ።

ስለ ሰማዩ ደግሞ ብዙ መመሪያ «ድሮኑን ካዞራችሁ ሰማዩ ይዥጎረጎራል» ብሎ ያስፈራራል። ጠዋትና ማታ እውነት ነው። ሰማዩ የሚጠቁረው ከፀሐይዋ 90 ዲግሪ በራቀው በኩል ስለሆነ ድሮኑ ሲዞር አንዱ ጎን ጥቁር ሰማያዊ፣ ሌላው ገርጣ ያለ ይሆናል። እኛ ጋ ግን በቀትር ፀሐይዋ አናታችን ላይ ስትሆን የአድማሱ ዙሪያ በሙሉ ከእሷ 90 ዲግሪ ያህል ይርቃል። ድሮኑ ክብ ቢዞርም ሰማዩ አንድ ዓይነት ሆኖ ይቆያል። አግድሙን እንዲቆርጥ የተገጠመው ፖላራይዘር ያኔ ውሃውንም ሰማዩንም በአንድ ጊዜ ያስተካክላል። ሌላ ጊዜ ለቀረጻ የምንሸሸው የቀትር ሰዓት ለሲፒኤል ምርጥ ሰዓት ነው። ይህን ዕድል ሰሜን አውሮፓ ያለ ሰው አያገኘውም።

ሐይቁን ራሱን ማወቅም ይረዳል። ላንጋኖ ውሃው ቡናማ ነው። ነጸብራቁ ቢቆረጥም የሐይቁ ወለል አይታይም፤ የምታገኙት የጠለቀ የሻይ ቀለም ነው። ጢስ ዓባይ ላይ ደግሞ ጥንቃቄ ያሻል። የቀስተ ደመና ብርሃንም በፖላራይዘር ይቆረጣል። አግድሙን የሚቆርጠው ፊልተር የቀስቱን አናት ሊያጠፋባችሁ ይችላል። ለቀስተ ደመናው ብላችሁ ከሄዳችሁ ሲፒኤሉን አውልቁ።

ለቲክቶክ የምትቀርጹ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሚኒ 3 ፕሮና ሚኒ 4 ፕሮ ካሜራቸውን 90 ዲግሪ አዙረው በቁመት ይቀርጻሉ። ካሜራው ሲዞር ፖላራይዘሩም አብሮ ይዞራል። አግድሙን ይቆርጥ የነበረው አሁን ቁሙን ይቆርጣል፤ የውሃው ነጸብራቅ በሙሉ ይመለሳል። በቁመት ልትቀርጹ ከሆነ ድሮኑን በቁመት ሞድ ላይ አድርጋችሁ ነው ፖላራይዘሩን ማስተካከል ያለባችሁ።

ሲፒኤል ብቻውን ከአንድ እስከ ሁለት ስቶፕ ብርሃን ይበላል፤ አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑን በግማሽ መቀነስ ነው። ለቀትር ስለማይበቃ ኤንዲና ፖላራይዘርን በአንድ መስታወት ያጣመሩ አሉ፤ ኤንዲ ፒኤል ይባላሉ። ለእኛ ፀሐይ እነዚህ ይመቻሉ። ቀለበታቸው የሚዞር መሆኑን ግን አረጋግጡ፤ አንዳንዶቹ በፋብሪካ በአንድ አቅጣጫ የተቸነከሩ ናቸው።

የቀሩትን ባጭሩ። ዩቪ ፊልተር የዲጂታል ካሜራን ምስል አያሻሽልም፤ ጥቅሙ ሌንሱን ከአቧራና ከጭረት መከላከል ነው። የሚዞረው ተለዋዋጭ ኤንዲ መሬት ላይ ላለ ካሜራ ግሩም ነው፤ ድሮን ላይ ግን አየር ላይ አታዞሩትም፤ መጨረሻው ድረስ ሲዞርም በምስሉ ላይ የመስቀል ቅርጽ ያለው ጥላ ያመጣል። ግማሹ የጠቆረው ግራዲዬንት ደግሞ ካሜራው ሽቅብ ቁልቁል ባለ ቁጥር መስመሩ ከአድማሱ ይለያያል። ብርሃኑን ጉም የሚያስመስለው ሚስት ፊልተር አሁን ሰርግ ላይ ተወዷል። እኔ አልወደውም፤ በኋላ ኮምፒውተር ላይ መጨመር ይቻላል፣ መቀነስ ግን አይቻልም።

ዕቃውን እጃችሁ ላይ ስትቀበሉ

ሣጥኑ ላይ የተጻፈውን ሳይሆን ካሜራው የሚለውን እመኑ። ፊልተሩን ሳትገጥሙ አንድ ግድግዳ ላይ አነጣጥሩና በ0 መለኪያ ሸተሩን ጻፉ። ገጥማችሁ እንደገና ጻፉ። የመጀመሪያው 1/1600፣ ሁለተኛው 1/100 ከሆነ ፊልተሩ በእርግጥ 16 ነው። 1/160 ከመጣ 10 ነው ማለት ነው፤ መልሱት። ደመና መሀል ገብቶ እንዳያሳስታችሁ ሁለቱን በፍጥነት ለኩ።

ቀለሙን ለማየት ዋይት ባላንሱን (የካሜራውን የቀለም ማስተካከያ) አውቶ ላይ አትተዉት፤ 5500 ላይ ቆልፉት። ነጭ ወረቀት ውጭ ፀሐይ ላይ አስቀምጡና በፊልተርና ያለ ፊልተር ቅረጹ። ትንሽ ልዩነት በኤዲቲንግ ይስተካከላል። ቡናማ ወይም ወይን ጠጅ ያዘለ ከሆነ ግን ተዉት። ርካሽ የሆኑ ጠንካራ ኤንዲዎች ለዓይን የማይታየውን ኢንፍራሬድ ብርሃን በደንብ አይቆርጡም፤ ጥቁር ሱፍና ቅጠል ላይ እንግዳ ቀለም ያመጣሉ። ሙሽራው የለበሰው ጥቁር ሱፍ ቡናማ ሆኖ ሲወጣ ለቤተሰቡ ማስረዳት ከባድ ነው።

ኤንዲ ፒኤል የተባለው በእርግጥ ፖላራይዘር መሆኑን የላፕቶፕ ስክሪን ይነግራችኋል። ነጭ ገጽ ከፍታችሁ ፊልተሩን ስክሪኑ ፊት ያዙና ቀስ ብላችሁ አሽከርክሩት። አንድ ቦታ ላይ ከጨለመ ፖላራይዘር ነው። ዝም ካለ ገልብጣችሁ በሌላው ፊቱ ሞክሩ፤ አሁንም ዝም ካለ ተራ ኤንዲ ነው።

አገጣጠሙ ላይ አትቸኩሉ። ድሮኑ ጠፍቶ እያለ ግጠሙ። ጊምባሉን (ካሜራውን የተሸከመውን ተንቀሳቃሽ ክፍል) በሁለት ጣት ከጀርባው ደገፍ አድርጋችሁ ያዙት፤ ሞተሮቹ ትንንሽ ስለሆኑ ሲጠመዘዙ ይጎዳሉ። ከዚያ አብሩት፤ ጊምባሉ ሲነሳ ራሱን ከነፊልተሩ ክብደት ያስተካክላል። የሚንቀጠቀጥ ወይም ስለ ጊምባሉ ማስጠንቀቂያ የሚያሳይ ከሆነ ፊልተሩ ከብዶታል፤ አታብርሩት። አንዳንዱ ድሮን ነባሩ መስታወት ወልቆ ፊልተሩ በቦታው ይገባል፤ አንዳንዱ ላይ ከላይ ይደረባል። መመሪያውን ሳታዩ አትታገሉ። ሚኒዎቹ 249 ግራም ያህል ናቸው። አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ 250 ግራም ስትደርሱ ደንቡ ስለሚቀየርባችሁ የሚደረብ ፊልተር ከመግዛታችሁ በፊት በኩሽና ሚዛን መዝኑት።

ለጽዳት መጀመሪያ በፓምፕ ንፉት፣ ከዚያ በመነጽር ጨርቅ አብሱት። የበጋ አቧራ ላይ በቀጥታ ጨርቅ ከሄደ ይጫራል። ፀሐይ ስትጠልቅ ፊልተሩን አውልቁ። ብርሃኑ እያነሰ ነው፤ ዝቅ ያለች ፀሐይ ፊት ለፊት ስትገባም በመስታወቶቹ መሀል ተንጸባርቃ የብርሃን ነጠብጣብ ትተዋለች።

ለመንገደኛው የምትልኩት መልእክት ሙሉ ይሁን። «የድሮን ፊልተር» ብቻ ብላችሁ አትጻፉ። የሚኒ 3 ፕሮ ፊልተር ለኤር 2ኤስ አይሆንም፤ በአንድ ፊደል የሚለያዩ ሞዴሎች እንኳ ላይለዋወጡ ይችላሉ። ድሮናችሁ ሆድ ላይ ያለውን ጽሑፍ ፎቶ አንስታችሁ ላኩለት። የምትፈልጉትን ቁጥር፣ ኤንዲ ወይም ኤንዲ ፒኤል መሆኑን፣ መስታወት እንጂ ፕላስቲክ እንዳይሆን ጻፉለት። «ካልተገኘ ሌላ አታምጣ» የሚል ጨምሩበት፤ ደግ ዘመድ ባዶ እጁን ላለመምጣት ያገኘውን ይገዛል። ድሮኑን ራሱን ግን በዘመድ አታስመጡ። ድሮን ወደ አገር ለማስገባት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የሚጠየቀውም ከኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ነው። ፈቃዱ በእጃችሁ ሳይገባ ማንንም ሰው ቦሌ ጉምሩክ ላይ አታስጨንቁ።